ጉበቴን ፈርቼ መድኃኒቴን አቆምኩ

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ከአንዲት ባልንጀራዬ ጋር ዓሣ እየጠበስን እንሸጣለን። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት በ2001 ዓ.ም. ነፍሰ ጡር ሳለሁ በተደረገልኝ ምርመራ ነው። ባለቤቴ በዚያው ዓመት አረፈ፤ ልጄ ግን ፈጣሪ ይመስገን ነጻ ሆና ተወለደች፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። መድኃኒት በ2002 ዓ.ም. ጀምሬ በ2012 ዓ.ም. በቀን አንዴ ወደምትወሰደው ፍሬ፣ ወደ ቲኤልዲ፣ ተቀየርኩ። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም ነበር። በመጨረሻው የመጠን ምርመራ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ «አይታይም» ተብዬ በደስታ አልቅሻለሁ።

ከሁለት ወር በፊት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ነው ተብሎ አይኤንኤች የሚባለው ኪኒን ተጨመረልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድካም ድካም ይለኝ፣ የምግብ ፍላጎቴም ይጠፋ ጀመር፤ እንጀራ የምበላበት የዘይት ሽታ እንኳ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። በዚህ መሀል ከይርጋለም ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ዐይኔን ገልጣ አየችና «የወፍ በሽታ እንዳይሆን» ብላ ሰንሰል ቀቅላ ታጠጣኝ ያዘች። በየማለዳው አንድ ኩባያ ነው፤ ጨርሼ እስክጠጣ ድረስ ከአጠገቤ አትነቃነቅም። እናቴ ስለ ቫይረሱ አታውቅም። ፍሬዎቼን የማስቀምጠው በጥቁር አዝሙድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ከአሥር ቀን በፊት ለክትትል ሄጄ ደም ሰጠሁ። ነርሷ ውጤቱን አይታ «ኤስጂፒቲ 146 ሆኗል፤ የጉበትሽ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ በሁለት ሳምንት ተመልሰሽ ትመረመሪያለሽ» አለችኝ። ድካሙንም ቅጠሉንም አልነገርኳትም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ደንግጬ ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ፣ የእኔን ጉዳይ ሳታውቅ፣ ወንድሟን በድሮ ጊዜ የጨረሰው በሽታው ሳይሆን የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ መሆኑን፣ ጉበቱን በልቶ እንደገደለው አወራች። በማግስቱ ቲኤልዲውን አቆምኩ። ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው። አይኤንኤቹን ግን የሳንባ ነው ብዬ እየወሰድኩ ነው፤ ቅጠሉንም እናቴ ስለምትቆምብኝ እጠጣለሁ።

እውነት መድኃኒቱ ጉበቴን ጎድቶት ይሆን? ማቆሜን ብናገር ነርሷ ምን ትለኛለች? ለእናቴስ ምን ብዬ ነው ኩባያውን የምመልሰው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

* * *

ውድ እህቴ፦

ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ አንድ ነገር ግን መቅደም አለበት። የቀረውን የቀጠሮ ጊዜ አትጠብቂ። ነርሷ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ የሰጠችሽ ምንም ሕመም የማይሰማሽ መስሏት ነው፤ ድካሙን፣ የምግብ ፍላጎትሽን ማጣቱንና ማቅለሽለሹን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ሌላ ውሳኔ ትወስን ነበር ብዬ አምናለሁ። ኤስጂፒቲ በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች እስከ 40 ገደማ ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ የአንቺ 146 ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አይኤንኤች የሚወስድ ሰው ሕመም እየተሰማው ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ ካለፈ፣ ወይም ምንም ሳይሰማው ከአምስት እጥፍ ካለፈ፣ ኪኒኑ ቆሞ በሐኪም መታየት አለበት፤ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ልክ ይህ ነው። ስለዚህ ይህን ካነበብሽ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ማለዳ አይኤንኤቹን ሳትውጪ፣ ቅጠሉንም ሳትጠጪ ወደ ክትትል ክፍልሽ ሂጂ። ቲኤልዲውም እንደቆመ መሰንበት የለበትም፤ መቼና እንዴት እንደምትመለሽበት እዚያው፣ በዚያው ዕለት ከእነሱ ጋር ወስኚ።

እስከዚያ የዐይንሽ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራሽ ከነጣ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ከጸናብሽ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ሐሳብሽ መደነጋገር ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄጂበት ምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የሚጠራልሽ ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ አስቢበት።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ፤ ፍርሃትሽ ከባዶ የመጣ አይደለምና። ጎረቤትሽ ስለ ወንድሟ የተናገረችው እውነት ሊሆን ይችላል። በሀገራችን መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ይሰጡ ከነበሩት መካከል ጉበትን በርትተው የሚጎዱ ነበሩ። ኔቪራፒን የወሰዱ ሰዎች ያስታውሱታል፤ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ይባሉ ነበር፤ እንዲህ ቀስ ተብሎ የሚጀመረው በቆዳና በጉበት ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ስለሚታወቅ ነው። ጉዳቱ ይበልጥ የሚፈራው በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት ሲሆን፣ የመከላከያ ሕዋስ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሴቶች ከሌላው ይልቅ ይጋለጡ ነበር። ስታቩዲን የሚባለው ደግሞ በጉበት ላይ ስብ እንዲከማችና ደም አሲድ እንዲበዛበት ያደርግ ስለነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ሀገሮች ከዚህ መድኃኒት እንዲወጡ መክሯል። እንግዲህ ጎረቤትሽ የቀበረችው ወንድም እውነተኛ ሰው ነው፤ ሐዘኗም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ቡናው ላይ የተነገረው ታሪክ የዚያ ዘመን መድኃኒት ታሪክ ነው፤ አንቺ ደግሞ በልብሽ አዛውረሽ በእጅሽ ባለችው ፍሬ ላይ አሳረፍሽው።

ያቺ ፍሬ ሦስት መድኃኒቶችን ይዛለች፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ከጉበት ሙሉ በሙሉ ነጻ ናት ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። ዶሉቴግራቪር አልፎ አልፎ፣ በተለይ የጉበት ቫይረስ ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ የጉበትን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ቴኖፎቪር ደግሞ ስሙ የሚነሣው ከጉበት ይልቅ በኩላሊትና በአጥንት ነው። ቢሆንም አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ይህችን ፍሬ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንድ ቀን መጓደል ወስደሻል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የዘይት ሽታ አቅለሽልሾሽ ያውቃል? ካላወቀ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ወደ ሰውነትሽ የገባው አዲስ ነገር ምንድን ነው?

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የተነካው እዚህ ላይ ነው። ፈርተሽ ያቆምሽው ለዓመታት ሳያስቸግርሽ የኖረውን ነው፤ ሳትፈሪ የቀጠልሽባቸው ግን ሁለቱ አዲስ የመጡት ናቸው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ «የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉበት ይበላል» የሚል ወሬ የሰማ ሰው የቲቢውን ኪኒን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። አይኤንኤች ግን ጉበትን በመቆጣት ከሚታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ይታያል፤ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ በሆነ፣ መጠጥ በሚያዘወትሩና ቀድሞ የጉበት ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይም ይበዛል። ከእሱ ጋር ቫይታሚን ቢ6 ተሰጥቶሽ ከሆነ፣ እርሱ ነርቭን ከመደንዘዝ የሚጠብቅ እንጂ ለጉበት የሚያገለግል አይደለም። ይህ ሁሉ አይኤንኤች መጥፎ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ ላለበት ሰው ሳንባ ነቀርሳ ከባድ ጠላት ስለሆነ ባለሙያዎቹ የሰጡሽ ሊያድኑሽ ነው። ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ነቀርሳን የመከላከሉ ነገር በዚያው አይቋረጥም፤ ጉበትሽ ሲረጋጋ ምን እንደሚሻል ሐኪሙ ያያል።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ላስረዳሽ። ኤስጂፒቲ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ነው፤ ሕዋሳቱ ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ላቦራቶሪው የሚለካው ይህን የፈሰሰውን ነው። ስለዚህ 146 የሚለው ቁጥር ጉበትሽ መቆጣቱን ይናገራል፤ ማን እንዳስቆጣው ግን አይናገርም። ያን የሚናገረው ሌላ ምርመራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንቺ አንደበት ነው። ደግሞም ጉበት ራሱን የመጠገን ትልቅ ችሎታ ያለው የሰውነት ክፍል ነው፤ በመድኃኒት ምክንያት ከፍ ያለ ቁጥር፣ ምክንያቱ በጊዜ ከተገኘና ከተነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቅሽ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ? በ2002 ዓ.ም. መድኃኒት ስትጀምሪ ተደርጎልሽ ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህም ተደርጎልሽ ከሆነ ካርድሽ ላይ ይኖራልና አስፈልጊው። የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ቲኤልዲ ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በኤች አይ ቪ ላይ ብቻ ሳይሆን በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ላይ ይሠራሉ። ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በዚህች ፍሬ ሁለቱንም ጸጥ አድርጎ ይኖራል፤ በድንገት ሲያቆማት ግን ተኝቶ የነበረው የጉበት ቫይረስ በሳምንታት ውስጥ ሊነሣና ጉበቱን ከበፊቱ እጅግ በከፋ ሁኔታ ሊያቆስለው ይችላል። ጉበትሽን ለማዳን ብለሽ ያደረግሽው ነገር፣ ይህ ቫይረስ ካለብሽ፣ ጉበትሽን የሚጎዳው ራሱ ነው ማለት ነው። ይኖርብሻል እያልኩ አይደለም፤ ሳይታወቅ ግን ቲኤልዲን በገዛ እጅ ማቆም ጭለማ ውስጥ እንደ መራመድ ነው። ምርመራው ከዚያው ከምትሰጪው ደም የሚሠራ ነው፤ «ሄፓታይተስ ቢና ሲም ይታዩልኝ» ብለሽ በስሙ ጠይቂ።

የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱ ቫይረሱ አለ ቢልሽ ልጅሽና እናትሽም መመርመር አለባቸው፤ ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕፃናት ክትባቶች ጋር ስለሚሰጥ ልጅሽ በሕፃንነቷ ሳትወስደው አልቀረችም። እናትሽ ግን በዚያ ዘመን አላደጉም፤ አዋቂ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወግቶ መከተብ ይችላል።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሌለብሽ ደግሞ፣ ዘጠኙ ቀን ያሳዝነኛል እንጂ ተስፋ አያስቆርጠኝም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባቆመ ሰው ላይ ኤች አይ ቪ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ በደሙ ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ እየረፈደ ነው እንጂ አልመሸም። ዶሉቴግራቪርም ቫይረሱ በቀላሉ የማይላመደው መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር ሳለሽ የጀመርሽው የዓመታት ልፋት በዘጠኝ ቀን አይፈርስም፤ ዘጠኙ ሠላሳ እንዲሆን ግን አትፍቀጂለት።

ስለ ነርሷ የጻፍሽውን መስመር ደጋግሜ አየሁት። ከአንድ ሰው ቁጣ የተነሣ የጉበት ሕመምን ተሸክሞ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ በሰልፍ መሀል፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከኋላሽ ሰዎች ቆመው እንዲህ ያለ ነገር ማውጣት ቀላል አይደለም። ልትቆጣሽ ትችላለች፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የቅርብ ዘመዴ የሆነች ሴት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰደች ሳለ ጉበቷ ተቆጣ። ሐኪሞቹ መድኃኒቷን አቋረጡ፣ አንድ በአንድ መልሰው ጀመሩላት፣ ቁጥሩ ግን ሊወርድ አልቻለም። ለሳምንታት ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻ አልጋዋን ስናነጥፍ ሥሩ የተቀመጠ ቢጫ ጄሪካን አገኘን፤ ግማሹ ድረስ የቅጠል ጭማቂ ነበረበት፤ ክዳኑ ላይ በጨርቅ ታስሯል። «ይቆጡኛል ብዬ ነው» አለችን። ጄሪካኑን ይዘንላቸው ስንሄድ ማንም አልተቆጣም፤ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያ ሁሉ ምርመራ ይፈልገው የነበረው መልስ እሱ ነበርና።

ስለዚህ ስትገቢ ረጅም ታሪክ አትጀምሪ፤ በሰልፍ ሰዓት ረጅም ታሪክ ይቋረጣል። «ፈርቼ ቲኤልዲውን ዘጠኝ ቀን አልወሰድኩም። አይኤንኤቹን እየወሰድኩ ነው። ሰንሰል ተቀቅሎ በየቀኑ እጠጣለሁ። ያቅለሸልሸኛል፤ ምግብ አይበላልኝም፤ ይደክመኛል» በያት። ቀኑን በትክክል ቁጠሪው፤ በሄድሽበት ዕለት ዘጠኝ ካለፈ ያለፈውን ተናገሪ። ብትፈሪ በወረቀት ጽፈሽ ስጫት፤ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ አያሳፍርም። በሩ እንዲዘጋ መጠየቅም መብትሽ ነው። በክትትል ክፍሉ ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት ሕይወት የሚኖሩ የምክር ባልደረቦች ካሉ፣ መጀመሪያ ከእነርሱ አንዷን አነጋግረሽ አብራሽ እንድትገባ ጠይቂ።

ሌሎችም ልትነግሪያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ዓሣውን የምታጥቢው እግርሽን ሐይቁ ውስጥ ነክረሽ ነው? በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሠሩ ሰዎች ላይ ቢልሃርዝያ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ የዚህ ትል ዕንቁላሎች ደግሞ ጉበት ውስጥ ገብተው ያቆስሉታል። የሰገራ ምርመራ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መድኃኒትም አለው። ለራስ ምታት ወይም ለጉንፋን ፓራሲታሞል የምትወስጂ ከሆነ፣ ስንት እንደሆነ ተናገሪ፤ ብዙዎቹ የጉንፋን ኪኒኖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሰው ሳያውቅ ደርቦ ይወስዳል። ለማቅለሽለሹ ከፋርማሲ የጨጓራ ማስታገሻ ገዝተሽ ከሆነም ንገሪያቸው፤ አንዳንዶቹ የዶሉቴግራቪርን ሥራ ስለሚያዳክሙ ፍሬዋ ከእነሱ ሁለት ሰዓት ቀድማ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይታ መወሰድ አለባት። ስለ መጠጥ ምንም አልጻፍሽልኝም፤ ጠላም ቢሆን ጉበትሽ እስኪረጋጋ ይቆይ።

እናትሽን በተመለከተ ብዙ አሰብኩ። በእርሳቸው ላይ አንድም ክፉ ቃል መናገር አልፈልግም፤ ላንቺም እንዲህ ብዬ ልጀምር፤ እናትሽ ትክክለኛውን ቦታ ነው ያዩት። ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዐይን ገልጦ ነጩን ያያል። ላቦራቶሪው ቁጥሩን ከማውጣቱ በፊት እርሳቸው «የወፍ በሽታ እንዳይሆን» ብለው የጉበት ነገር መሆኑን ጠርጥረዋል። ሰንሰልም ለዚህ ሕመም ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ቅጠል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሆነ የለካው ሰው የለም፤ የዛሬው ከትናንቱ ሊጠነክር ይችላል፤ ቅጠሉ ሁሉ ለጉበት ጥሩ አይደለም፤ የተቆጣ ጉበት ደግሞ የሚገባበትን ነገር ሁሉ ማጣራት ግዴታው ስለሆነ አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል። ከዚህም በላይ ቅጠሉ እስካለ ድረስ ሐኪሙ አጥፊው ማን እንደሆነ መለየት አይችልም።

ለእናትሽ ስለ ቫይረሱ መንገር ወይም አለመንገር የአንቺ ውሳኔ ነው፤ በዚህ ሳምንት መወሰንም የለበትም። ሆኖም ብቻሽን ስትሆኚ እንድታስቢበት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እናትሽ ቢያውቁ የምትፈሪው ምናቸውን ነው? ቁጣቸውን ነው ወይስ ሐዘናቸውን? ቁጣቸውን ከሆነ ጊዜና የሚያግዝሽ ሰው ያስፈልግሻል። ሐዘናቸውን ከሆነ ግን፣ ልጃቸው ለዓመታት በጤና እንደኖረች፣ የልጅ ልጃቸው ነጻ ሆና እንደተወለደች፣ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ «አይታይም» እስከመባል እንደደረስሽ የሚነግራቸው ሰው ከአንቺ የተሻለ ማን አለ? ልጅሽስ ታውቃለች? ይህን አልጻፍሽልኝም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቢያውቅ እንኳ «ዛሬ ፍሬሽን ወሰድሽ?» የሚልሽ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ጥቁር አዝሙዱም ወደ ራሱ ዕቃ ይመለሳል። እስከዚያው ግን ፍሬዎቹን ከራሳቸው ብልቃጥ አውጥተሽ ከሆነ መልሰሽ ጨምሪያቸው፤ ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቀሽ በሌላ ነገር ውስጥ መደበቅ ትችያለሽ፤ እርጥበት እንዳያበላሻቸው።

ቫይረሱን ሳትነግሪም ቢሆን ኩባያውን የምትመልሺበት እውነተኛ ቃል አለሽ፤ ውሸት መፍጠር አያስፈልግሽም። «እማዬ፣ ደሜ ተመርምሮ ጉበትሽ ተቆጥቷል ብለውኛል፤ ገና ይመረምሩኛል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ከታዘዘልኝ በስተቀር ምንም ነገር መጠጣት የለብኝም» ማለት ትችያለሽ። በዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ከዚያ እጃቸውን ባዶ አታድርጊው። በየማለዳው እሳት አንድደው፣ ቅጠል ቀቅለው፣ አጠገብሽ ቁጭ የሚሉ እናት «ተይው» ሲባሉ የሚሰሙት «አታስፈልጊኝም» የሚል ነው። «ምግብ አልበላልኝ ብሎኛል፤ አጥሚት አርጊልኝ» በያቸው። ማቅለሽለሹ ለበረታበት ሰው በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ነገር በእርግጥ ይረዳል፤ በዚያው ኩባያ፣ በዚያው ሰዓት ያቅርቡልሽ፤ ጨርሰሽ እስክትጠጪም አጠገብሽ ይቁሙ።

ደግሞ ወደ ክትትል ክፍልሽ ከመሄድሽ በፊት ባለው ምሽት ከቅጠሉ ጥቂት ዝንጣፊ ያስፈልግሻል፤ ሐኪሙ ስሙን ከሚሰማ ዐይቶት ቢጠይቅሽ ይሻላል። እርሱንም እናትሽን ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ የምታጠጪኝን ቅጠል ለሐኪሙ ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው እንደምትቆርጪ፣ ስንት ቅጠል እንደምትጨምሪ፣ ምን ያህል እንደምታፈዪው ንገሪኝ» በያቸው፤ እንደነገሩሽም ጻፊው። ከኪኒን ብልቃጦችሽ ጋር በአንድ ፌስታል አድርገሽው ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ሳይበዛ፣ ቀድመሽ ድረሺ።